ቀን ሠርተው ማታ የሮጡ ሰዎች

ዛሬ ስለ ሩጫ ሲነሣ ወዲያው የሚከተለው የገንዘብ ወሬ ነው። አንደኛ የወጣው ስንት ሺህ ዶላር አገኘ፣ ክብረ ወሰን የሰበረው ምን ተጨመረለት፣ የትኛው የጫማ ኩባንያ አስፈረመው ይባላል። ይህ ነውር አይደለም። ሯጭም እንደ ማንኛውም ሠራተኛ የድካሙን ዋጋ ማግኘት ይገባዋል። ነገር ግን ከዚህ በፊት ሌላ ዘመን ነበር። በዚያ ዘመን የረጅም ርቀት ሯጭ ማለት ቀኑን በፋብሪካ፣ በግንብ ሥራ ወይም በዳቦ ቤት ሲደክም ውሎ፣ ሲመሽ ጫማውን ለውጦ ወደ መንገድ የሚወጣ ሰው ነበር። ለሩጫው አምስት ሳንቲም አይከፈለውም። ከተከፈለው ደግሞ ይባረራል።

ያንን ዘመን በናፍቆት የሚያነሡ ሰዎች በእንግሊዝም፣ በፊንላንድም፣ በእኛም ዘንድ ብዙ ናቸው። «ያኔ ሰው የሚሮጠው ለፍቅር ነበር» ይላሉ። እውነት አላቸው። ይሁን እንጂ ያ ዘመን ፍቅር ብቻ ሳይሆን በር የሚዘጋ ሕግም ነበረው። ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጽሑፍ ሁለቱንም አንድ ላይ እናያለን። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

እሳቱን ተከትሎ የሮጠው ወጣት

በደቡብ እንግሊዝ በሆርሻም ከተማ አካባቢ አልፍሬድ ሽረብ የሚባል በግንባታ ሥራ የሚተዳደር ወጣት ነበር። እንደሚተረከው በ1898 አንድ ቀን በሩቅ እሳት ተነሣ። በፈረስ የሚጎተተው የእሳት ማጥፊያ ጋሪ ሲያልፍ ሽረብ የሥራ ልብሱንና ከባድ ጫማውን እንዳደረገ ተከትሎት ሮጠ። 5 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ ከቦታው ሲደርስ አብሮት የደረሰው የከተማው የሩጫ ክለብ አለቃ ነበር። አለቃውም የወጣቱን ጉልበት አይቶ ወደ ክለቡ እንዲገባ ጋበዘው።

ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በኖቬምበር 1904፣ ሽረብ በግላስጎ ከተማ በአንድ ሰዓት ውስጥ 11 ማይልና 1137 ያርድ ሮጠ። ይህ በእኛ አቆጣጠር ከ18 ኪሎ ሜትር ተኩል ይበልጣል። በዚያው ሩጫ በመንገዱ ላይ ያሉትን ብዙ የዓለም ክብረ ወሰኖች ጠራርጎ ወሰደ። በማግስቱ ዓመት፣ በ1905 ግን የእንግሊዝ አማተር አትሌቲክስ ማኅበር «ለመሮጥ ገንዘብ ተቀብለሃል» ብሎ ዕድሜ ልኩን አገደው። ሽረብም እየተከፈላቸው ከሚሮጡት ጋር ተቀላቀለ፤ በኋላም ወደ ካናዳ ሄዶ ኖረ፤ እዚያም በ1964 አረፈ።

ሕጉን ያወጡት እነማን ናቸው?

«አማተር» የሚለው ቃል ከላቲን የመጣ ሲሆን ሥሩ «መውደድ» ማለት ነው። አማተር ማለት እንግዲህ አንድን ነገር ስለሚወድደው ብቻ የሚያደርግ ሰው ነው። ቃሉ ያማረ ነው። ሕጉ ግን እንደ ቃሉ አላማረም።

በ1866 በለንደን የተመሠረተው የአማተር አትሌቲክስ ክለብ በደንቡ ላይ ማን አማተር እንደሆነ ሲዘረዝር፣ በእጅ ሙያ የሚያድር፣ የመካኒክነት ሥራ የሚሠራ ወይም የጉልበት ሠራተኛ የሆነ ሰው አማተር ሊባል አይችልም ብሎ ጻፈ። ደንቡን ያወጡት ከታላላቅ ትምህርት ቤቶች የወጡ ባለጸጎች ነበሩ። አንዱ ምክንያታቸው በዚያን ጊዜ በሩጫ ላይ ውርርድና ማጭበርበር መብዛቱ ነው። ይህ ሐሰት አልነበረም። ሌላው ምክንያታቸው ግን ከሠራተኛ ጋር በአንድ መስመር መቆም፣ ይልቁንም በሠራተኛ መቀደም ስላልወደዱ ነው።

ይህንን ለአንባቢዎቻችን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። በጎንደር አካባቢ ብረት ቀጥቅጦ፣ ሸማ ሠርቶ፣ ሸክላ አቃጥሎ ያደረ ባለ እጅ በጎረቤቱ ዘንድ ምን እንደተባለ አባቶችና እናቶች ያውቃሉ። ማረሻውን ሁሉም ይፈልገዋል፤ ማረሻውን የሠራውን ሰው ግን ከማዕዱ ያርቀዋል። በእንግሊዝ ሜዳም የሆነው ከዚህ የራቀ አልነበረም። ሕንፃውን የገነባው ሰው በሕንፃው አጠገብ ባለው ሜዳ እንዳይሮጥ ተከለከለ።

በ1880 አዲሱ የአማተር አትሌቲክስ ማኅበር ሲቋቋም ሠራተኛን በስሙ የሚከለክለው አንቀጽ ቀረ። ከዚያ በኋላ የገንዘብ ክልከላው ብቻ ቆየ። በወረቀት ላይ ሲታይ ሕጉ ለሁሉም እኩል ሆነ። በኑሮ ግን እኩል አልነበረም። ባለጸጋው ለውድድር ሲሄድ የሚያጣው ነገር የለም። ሠራተኛው ግን የቀን ደመወዙ ይቆረጥበታል፤ የባቡሩንም የሚከፍለው ከራሱ ኪስ ነው። የተቆረጠበትን ደመወዝ ማንም እንዲተካለት ሕጉ አይፈቅድም። ሽልማቱም ጥሬ ገንዘብ ሊሆን ስለማይችል ሰዓት፣ የሻይ ዕቃ ወይም ሹካና ማንኪያ ይሰጠዋል። ብዙ ሯጭ ቤቱ በግድግዳ ሰዓት ተሞልቶ የቤት ኪራይ ይቸግረው ነበር።

በፈረቃ መካከል የተሠራ ጉልበት

እንዲህም ሆኖ ሮጡ። የፋብሪካ ከተሞች የሩጫ ክለቦችን አቋቋሙ። በበርሚንግሃም የበርችፊልድ ክለብ በ1877፣ በማንቸስተር አጠገብ ደግሞ የሳልፎርድ ክለብ በ1884 ተመሠረቱ። ብዙዎቹ ክለቦች የራሳቸው ቤት ስላልነበራቸው ልብስ የሚቀይሩት በመጠጥ ቤት ጓዳ ነበር። ከሩጫ በኋላ ጭቃቸውን የሚያጥቡት በቆርቆሮ ገንዳ ነው። ከዚያ ሻይና ዳቦ ቀርቦ ይጫወታሉ። ሰኞ ጧት ሁሉም ወደ ሥራው ይመለሳል።

በመካከለኛው እንግሊዝ ቲፕተን ከተባለችው የፋብሪካ ከተማ የወጣው ጃክ ሆልደን በ1950 በኒውዚላንድ ኦክላንድ ከተማ ማራቶን ሲሮጥ ዕድሜው 42 ዓመት ነበር። ዝናብ ጫማውን ስላራሰው አውልቆ ጣለውና የመጨረሻውን 14 ኪሎ ሜትር ያህል በባዶ እግሩ ሮጠ። በመንገድ ላይ አንድ ትልቅ ውሻ ተተናኮለው። ቢሆንም አንደኛ ወጣ። በዚያው ዓመት በብራስልስ የአውሮፓን ማራቶን ደግሞ አሸነፈ።

ሮን ሂል የባቡር ሠራተኛ ልጅ ሲሆን ተምሮ የጨርቃ ጨርቅ ኬሚስት ሆነ። ወደ ሥራው ሮጦ ይሄዳል፤ ከሥራው ሮጦ ይመለሳል። ለልምምድ ጊዜ ያገኘው ሌላው ሰው አውቶቡስ ከሚጠብቅበት ሰዓት ላይ ነው ማለት ይቻላል። በ1970 በኤድንበርግ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ28 ሴኮንድ ፈጸመ። ከዲሴምበር 1964 ጀምሮ እስከ ጃንዋሪ 2017 ድረስ፣ ማለትም ከ52 ዓመት በላይ፣ ሳይሮጥ የዋለበት አንድ ቀን እንኳ አልነበረም። በ2021 አረፈ።

ይህ የእንግሊዝ ብቻ ታሪክ አይደለም። በ1912 በስቶክሆልም ኦሎምፒክ ሦስት ወርቅ ያገኘው የፊንላንዱ ሃነስ ኮሌህማይነን ግንበኛ ነበር። እርሱን አይቶ የተነሣው ፓቮ ኑርሚ በልጅነቱ አባቱ ስለሞተበት ትምህርቱን አቋርጦ ለዳቦ ቤት ጋሪ ይገፋ ነበር። እግሩን ያጠነከረለት በዳገቱ ላይ ጋሪ መግፋቱ እንደሆነ ራሱ ተናግሯል። ኑርሚ ዘጠኝ የኦሎምፒክ ወርቅ ካገኘ በኋላ በ1932 በሎስ አንጀለስ ማራቶን ለመሮጥ ሲዘጋጅ ገንዘብ ተቀብሏል ተብሎ ታገደ።

የቼኩ ኤሚል ዛቶፔክ ደግሞ በዝሊን ከተማ በባታ ጫማ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። በ1941 ፋብሪካው ሠራተኞቹን ሩጫ ሲያሰልፍ «ደህና አይደለሁም» ብሎ ሊቀር ፈለገ። ሐኪሙ ግን መርምሮ ጤነኛ ነህ አለው። ሳይወድ ሮጦ ሁለተኛ ወጣ። ከ11 ዓመት በኋላ በሄልሲንኪ ኦሎምፒክ 5 ሺህ ሜትር፣ 10 ሺህ ሜትርና ማራቶንን በአንድ ሳምንት ውስጥ አሸነፈ። ማራቶን ሲሮጥ ያ የመጀመሪያው ነበር። በ1968 በአገሩ የተነሣውን የነፃነት እንቅስቃሴ በመደገፉ ከሹመቱ ተወርዶ ለዓመታት በከባድ የጉልበት ሥራ ላይ ቆየ። በሠራተኛነት ጀምሮ ወደ ሠራተኛነት ተመለሰ፤ ክብሩ ግን አልቀነሰም።

ስሙ ከዝርዝር የጠፋው ሯጭ

የዚያን ዘመን ደጉንም ክፉውንም አንድ ላይ የሚያሳየው የጆን ታራንት ታሪክ ነው። ታራንት በ1932 በለንደን ተወለደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አባቱ ወታደር ሆኖ ሲሄድና እናቱ በሳንባ ነቀርሳ ስትታመም፣ እርሱና ታናሽ ወንድሙ ቪክተር ለዓመታት በሕፃናት ማሳደጊያ ኖሩ። እናታቸውም ሞተች። ከጦርነቱ በኋላ አባታቸው ወስዷቸው በክስተን በተባለች ተራራማ ከተማ ተቀመጡ። ጆንም በጉልበት ሥራ መተዳደር ጀመረ።

ሃያ ዓመት ሳይሞላው በትናንሽ አዳራሾች ጥቂት የቡጢ ግጥሚያ ተጋጠመ። ከሁሉም ግጥሚያ ተደምሮ ያገኘው 17 ፓውንድ ነው። ይህ በጊዜው ከአንድ ሠራተኛ የሁለት ሳምንት ደመወዝ ብዙም የማይበልጥ ገንዘብ ነው። ቡጢው እንደማያዋጣው ሲያውቅ ወደ ሩጫ ዞረ። ክለብ ለመግባት ሲያመለክትም የቡጢውን ገንዘብ ሳይደብቅ ተናገረ። ዝም ቢል ምናልባት የሚጠይቀው አልነበረም። የማኅበሩ መልስ ዕድሜ ልክ እገዳ ሆነ። በቡጢ ገንዘብ የተቀበለ ሰው በሩጫም አማተር ሊሆን አይችልም ተባለ።

ታራንት ግን መሮጡን አልተወም። በ1956 በሊቨርፑል ማራቶን ካፖርት ደርቦ በተመልካቹ መካከል ቆመ። ሩጫው ሲጀመር ካፖርቱን ጥሎ ወደ ሯጮቹ ገባ። ደረቱ ላይ ቁጥር የለም። ያንን ውድድር ባይጨርሰውም ጋዜጦች «መንፈሱ ሯጭ» የሚል ስም አወጡለት። ከዚያ በኋላ ወንድሙ በሞተር ብስክሌት እያደረሰው ከውድድር ወደ ውድድር ይሄድ ነበር። አዘጋጆቹ ሊያስቆሙት ይሞክራሉ፤ ሕዝቡ ግን ያጨበጭብለታል። ውጤት ሲለጠፍ ስሙ የለም። እርሱ የፈለገው ሽልማት አልነበረም። የፈለገው እንደ ሰው ሁሉ ቁጥር ተሰጥቶት፣ ስሙ ተጽፎ መሮጥ ነበር።

በሕዝብና በጋዜጦች ግፊት በ1958 እገዳው በአገር ውስጥ ተነሣለት። የሳልፎርድ ክለብንም መለያ ለበሰ። ለውጭ አገር ውድድር ግን ዓለም አቀፉ ደንብ እንደ ተዘጋ ቀረ። በ1960 በእንግሊዝ የማራቶን ሻምፒዮና ሁለተኛ ወጣ። ያ ዓመት የሮም ኦሎምፒክ ዓመት ነበር። ታራንት ግን በ17 ፓውንድ ምክንያት የአገሩን መለያ ለብሶ ሊሄድ አልቻለም። ከዚያም በኋላ አንድ ቀን እንኳ አልለበሰውም።

ስለዚህ ከማራቶን ወደሚረዝሙት ሩጫዎች ዞረ። ከለንደን እስከ ብራይተን ያለውን 85 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በ1967ና በ1968 አሸነፈ። በ1969 ደግሞ 100 ማይል፣ ማለትም 161 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በ12 ሰዓት ከ31 ደቂቃ ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን አደረገ። በ1968 ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በታወቀው የኮምሬድስ ሩጫ እንደ ልማዱ ያለ ቁጥር ተሰለፈ። በዚያ አገር ጥቁሮችም እስከ 1975 ድረስ በዚሁ ሩጫ በይፋ እንዲወዳደሩ አይፈቀድም ነበር። ከእነርሱም በድፍረት ያለ ቁጥር የሮጡ ነበሩ። ታራንት በኋላ ነጭ ያልሆኑት ሰዎች ራሳቸው ባዘጋጁት ውድድር ገብቶ ከእነርሱ ጋር ሮጧል። በር የተዘጋበት ሰው በር የተዘጋበትን ሰው ያውቀዋል።

ታራንት በጃንዋሪ 1975 በካንሰር በሽታ በ42 ዓመቱ ሞተ። እርሱ ራሱ የጻፈው የሕይወት ታሪኩ የታተመው ከሞተ በኋላ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ለታራንት ግን የጠራው ከመሸ በኋላ ነው።

በሮም የሮጠው ወታደር

ታራንት ያልደረሰበትን የሮም ማራቶን ያሸነፈው ማን እንደሆነ አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ማታ፣ በችቦ ብርሃን፣ የክብር ዘበኛው ወታደር አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ገባ። አበበም አማተር ነበር። ደመወዙ የወታደር ደመወዝ ነው፤ ለሩጫ የሚከፍለው ኩባንያ አልነበረም። ሕጉ ከሠራዊት የሚገኝ ደመወዝን ስለማይነካ የኢትዮጵያው ወታደር ሊሮጥ ቻለ፤ የበክስተኑ የጉልበት ሠራተኛ ሳይችል ቀረ። በ1964 በቶኪዮ አበበ ሁለተኛውን ወርቅ ሲያገኝ ከአራት ደቂቃ በኋላ ተከትሎት ሁለተኛ የወጣው እንግሊዛዊው ባዚል ሂትሊ ከኮቨንትሪ የሩጫ ክለብ የመጣ ሰው ነበር። በአንድ መንገድ ላይ የሮጡት ከዚህ ዓይነት ኑሮ የወጡ ሰዎች ናቸው።

ምኑን እንናፍቅ?

የአማተርነት ሕግ ቀስ በቀስ ሞተ። ዓለም አቀፉ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽን በ1982 ሯጮች ያገኙት ገንዘብ በአደራ ሒሳብ እንዲቀመጥላቸው ፈቀደ። በ2001 «አማተር» የሚለውን ቃል ከስሙ አወጣ። ይህ መልካም ሆነ። ዛሬ የድሀ ልጅ በእግሩ ቤተሰቡን ሊረዳ ይችላል። ሴቶች ልጆችም በር ተከፍቶላቸዋል። በአበበ ዘመን ለሴቶች የኦሎምፒክ ማራቶን አልነበረም፤ የተጀመረው በ1984 ነው። በ1992 ደራርቱ ቱሉ በባርሴሎና 10 ሺህ ሜትር ስታሸንፍ የብዙ ልጃገረዶች ሐሳብ ተለወጠ። እንግዲህ «ያ ዘመን ይመለስ» የሚል ሰው ቢኖር ለማን ይመለስ ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ሊናፈቅ የሚገባው ሕጉ አይደለም። ሊናፈቅ የሚገባው ሠራተኞቹ ራሳቸው የሠሩት ነገር ነው። ሩጫ የጥቂት ምርጦች ሥራ አልነበረም። በአንድ ሰፈር የሚኖረው ሸክላ ሠሪ፣ ባቡር ነጂና ፖስተኛ አብረው ይሮጡ ነበር። አንደኛው ሻምፒዮን ይሆናል፤ ሌላው አርባኛ ይወጣል፤ ሻዩን ግን አንድ ላይ ይጠጣሉ። ልጆችም አባቶቻቸው ከሥራ በኋላ ጎንበስ ብለው የጫማ ክር ሲያስሩ እያዩ ያድጋሉ። ዛሬ ታላቅ ሯጭ በቴሌቪዥን ይታያል፤ የሚሮጥ ጎረቤት ግን ጥቂት ነው።

በምንኖርበትም አገር የዚህ ታሪክ ሥር አለ። በኳስ ቡድኖች ስም ላይ ዘወትር የምንሰማው «ሃፖዔል» የሚለው ዕብራይስጥ «ሠራተኛው» ማለት ነው። ይህ የስፖርት ማኅበር በ1926 የተመሠረተው ከሠራተኞች ማኅበር ከሂስታድሩት ጋር ተያይዞ ነው። ከለንደን ወደ ብራይተን በሚወስደው በዚያው በታራንት መንገድ ላይም የእስራኤል ስም ተጠርቷል። በልጅነቱ ከበርገን ቤልሰን ካምፕ፣ በ1972 ደግሞ ከሙኒክ ግድያ የተረፈው መሐንዲሱ ሻውል ላዳኒ በዚያ መንገድ በእርምጃ ውድድር አሸንፏል። እርሱም ልምምዱን የሚሠራው ከዩኒቨርሲቲ ሥራው በተረፈው ሰዓት ነበር። ከኢትዮጵያ በልጅነቱ የመጣው ማሩ ተፈሪ በ2023 በቡዳፔስት የዓለም ሻምፒዮና በማራቶን ሁለተኛ ሲወጣ ብዙ ቤተሰብ በደስታ አልቅሷል።

አዲስ ለመጡ ቤተሰቦች ከዚህ ታሪክ የሚተርፍ ነገር አለ። በፋብሪካ ፈረቃ፣ በጽዳት ወይም በጥበቃ ሥራ ላይ የሚውል አባት ወይም እናት ሥራው ዝቅ አድርጎ እንዳያሳየው ይሁን። ኑርሚ ጋሪ ገፍቷል፤ ዛቶፔክ ጫማ ሠርቷል። ልጅ መሮጥ እወዳለሁ ቢል በመጀመሪያ የሚያስፈልገው ቀላል ጫማና የሚከታተለው ሰው ነው። በሰፈሩ ማትናስ ወይም በትምህርት ቤቱ የስፖርት መምህር ዘንድ ሄዶ የሩጫ ቡድን መኖሩን መጠየቅ ይቻላል። ክፍያው ከበዛም መቀነስ ይቻል እንደሆነ መጠየቅ አያሳፍርም። ሜዳው በገንዘብ ምክንያት የሚዘጋ ከሆነ በ1866 የተጻፈው ደንብ መልኩን ለውጦ ተመለሰ ማለት ነው። በታራንት ላይ የተዘጋውን በር በልጆቻችን ላይ ማንም እንዳይዘጋው፣ እኛም በዝምታ እንዳንዘጋው መጠንቀቅ ይገባናል።